የፍራፍሬ ብራንዲ በሶዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፍራፍሬ ብራንዲ፣ ሎሚ፣ በረዶና ሶዳ። በሙቀት ቀን ከዚህ የድሮ ኮክቴል የሚበልጥብኝ የለም። ሥራው ቀላል ነው፤ ግን አራት ነገር ብቻ ስላለው አንዱ ከተበላሸ መደበቂያ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት ደግሞ እንደ እውነት የተያዙ ወሬዎች ናቸው።

«የፍራፍሬ ብራንዲ ጣፋጭ መጠጥ ነው»

አይደለም። ፖሙ፣ ቼሪው ወይም ኮኩ መጀመሪያ ይብላላል፤ ያኔ ስኳሩ ወደ አልኮል ይቀየራል። ከዚያ ሲነጠር የሚወጣው ደረቅና ጠንካራ መጠጥ ነው። ከፍሬው የሚተርፈው ሽታው ነው፤ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው። ግራ የሚያጋባው የጠርሙሱ ስም ነው። «አፕሪኮት ብራንዲ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ስኳር የገባባቸው ሊኬሮች ናቸው። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ የአልኮል መጠኑን እዩ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የፍራፍሬ ብራንዲ ከ37.5 በመቶ አይወርድም። 20 ምናምን የሚል ካያችሁ ሊኬር ነው፤ ሌላ ሽሮፕ እንዳትጨምሩበት።

«የድሮ ኮክቴል የሚሠራው ባረጀ ጠርሙስ ነው»

የድሮ የሚባለው አሠራሩ ነው። ለምሳሌ «ሪኪ» የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ የዋሽንግተን ከተማ የመጣ ነው፦ መጠጥ፣ ላይም (አረንጓዴ ሎሚ)፣ ሶዳ፤ ስኳር የለም። ብራንዲ የሚበስለው በርሜል ውስጥ ነው። የፈረንሳዩ የፖም ብራንዲ፣ ካልቫዶስ፣ ቢያንስ 2 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል ይቀመጣል። ጠርሙስ ከገባ በኋላ ግን ቁምሳጥን ውስጥ 20 ዓመት ቢቆይም አይበስልም። ከተከፈተ ደግሞ ሽታው እየሳሳ ይሄዳል። ለሰርግ፣ ለበዓል እያላችሁ አታስቀምጡት።

«ሶዳው ባይቀዘቅዝም በረዶው ያቀዘቅዘዋል»

እኔም ለዓመታት የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ጋዝ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቆያል፣ በሞቀ ውኃ ውስጥ አይቆይም። 0 ዲግሪ አካባቢ ያለ ውኃ፣ 20 ዲግሪ ላይ ካለው ሁለት እጥፍ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። የሞቀ ሶዳ በረዶ ላይ ስታፈሱ የምታዩት ያ ነጭ አረፋ ጋዙ እየወጣ ነው። ያምራል፤ ግን ከደቂቃዎች በኋላ የሚቀራችሁ የሎሚ ውኃ ነው። የፍሬውን ሽታ ወደ አፍንጫ የሚያወጡት አረፋዎቹ ናቸው። ሶዳውን ብቻ ሳይሆን ብርጭቆውንም ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት።

«በረዶ ሲበዛ መጠጡ ይቀጥናል»

ግልባጩ ነው። ሁለት ትናንሽ በረዶ ብቻ ከጣላችሁ ሳይቀዘቅዝ ቀልጦ ያልቃል። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሙሉት፤ ትልልቅ በረዶ ከሆነ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው።

«ቶኒክም ያው ሶዳ ነው»

ቶኒክ ኪኒንና ስኳር አለው። ምሬቱ የፍሬውን ሽታ ይጫነዋል።

«ሶዳ ስላለው አይመታም»

45 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ብራንዲ ውስጥ 14 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል አለ። 120 ሚሊ ሊትር ሶዳ ስትጨምሩበት መጠጡ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል፤ 14 ግራሙ ግን የትም አልሄደም። እንዲያውም ቀዝቃዛና ቀላል ስለሚመስል ቶሎ ቶሎ ይጠጣል። ስለዚህ በመለኪያ ቅዱ፣ በግምት አትቅዱ። መኪና የሚነዳ ካለ ለእሱ ሎሚና ሶዳ ብቻ ይበቃዋል።

«ኮክቴል ካልተናጠ ኮክቴል አይደለም»

ሶዳ ያለበትን ነገር ከናጣችሁት ጋዙም ይጠፋል፣ ክዳኑም ሊፈነጠር ይችላል። ብራንዲውንና 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ በረዶው ላይ አፍሱና አማስሉ። ከዚያ ብርጭቆውን ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ሶዳውን በጎኑ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ማንኪያውን እስከ ታች አስገቡና አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ብራንዲው ከሶዳው ስለሚቀል ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ማማሰል አያስፈልገውም።