ጆኒ ሎጋን፦ የዩሮቪዥን የሦስት ጊዜ አሸናፊ

ዩሮቪዥን አገሮች በየዓመቱ አንድ አንድ ዘፈን ይዘው የሚፎካከሩበት የአውሮፓ መድረክ ነው። እኛ ዘንድ ወሬው ብዙም አይሰማም። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ኤደን አለነ በ2020 አማርኛ የተቀላቀለበትን «ፍቅር ልቤ» ይዛ ለእስራኤል ልትወዳደር ስትዘጋጅ ጆሯችንን ሰጥተን ነበር፤ ኮሮና አሰረዘው እንጂ። በዚህ መድረክ ሁለት ጊዜ በዘፋኝነት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በደራሲነት ያሸነፈ ሰው ግን አለ። አየርላንዳዊው ጆኒ ሎጋን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሾን ሼራርድ ነው። በ1954 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሜልበርን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ፓትሪክ ኦሃጋን በሚል የመድረክ ስም የታወቀ የአየርላንድ ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ) ዘፋኝ ስለነበር ቤቱ ዘፈን አያጣም። ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ አየርላንድ ተመለሰ። ልጁ በ13 ዓመቱ ዜማ መድረስ ቢጀምርም የእንጀራ ነገር ነውና የኤሌክትሪክ ሥራ ተማረ። ማታ ማታ ይዘፍናል፤ በሙዚቃዊ ቲያትርም ይሠራል።

የ1979 ዩሮቪዥን አሸናፊ እስራኤል ቀጣዩን ውድድር አላዘጋጅም በማለቷ የ1980ው ኔዘርላንድስ፣ ሄግ ላይ ተካሄደ። ሎጋን «ዋትስ አናዘር ይር» የሚለውን ይዞ ቀረበ፤ በ143 ነጥብም አንደኛ ወጣ። ግጥሙና ዜማው የሼይ ሂሊ ነው። ሂሊ የጻፈው እናቱ ከሞተች በኋላ አባቱ የገባበትን ብቸኝነት አይቶ ነው። ይህን ሳያውቅ ለሰማው ዘፈኑ የፍቅረኛ ናፍቆት ይመስላል። ብዙ ዓመት ብቻውን ለቆየ ሰው አንድ ዓመት ቢጨመር ምን ለውጥ አለው ነው ነገሩ። ያቀናበረው በኋላ «ሪቨርዳንስ» በተባለው የአየርላንድ ጭፈራ ትርዒት ሙዚቃ ዓለም ያወቀው ቢል ዊላን ነው። መግቢያው ላይ የሚያለቅሰው ሳክስፎን ብቻውን ግማሹን ታሪክ ይነግርሃል።

የሎጋን አዘፋፈን የሚገባህ እዚህ ነው። ሲጀምር የሚያወራ ነው የሚመስለው። ድምፁ ትንሽ ሻከር ይላል፤ ጌጥ አያበዛም። ኃይሉን ለአዝማቹ ያስቀምጣል። ትዝታ ሰምቶ ላደገ ጆሮ ሐዘኑ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ የእኛ ዘፋኝ ሐዘኑን በጉሮሮው ሲያንቆረቁረው ሎጋን ቀጥ አድርጎ መያዙ ነው። ሲበዛ ስኳር ነው የሚሉ ተቺዎች አሉ። እውነት አላቸው፤ አንዳንዱ ዘፈኑ እኔንም ያንገሸግሸኛል። ይኼኛው ግን አይደለም።

ዘፈኑ እንግሊዝ አገር ለሁለት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያወጣቸው ነጠላ ዜማዎች ግን አልቀናቸውም። በአንድ ዘፈን ብልጭ ብሎ የጠፋ ሰው ሊሆን ነበር። በመሃል ለአየርላንዳዊቷ ዘፋኝ ሊንዳ ማርቲን «ተርሚናል ስሪ»ን ጻፈላት። በ1984 ሉክሰምበርግ ላይ ከስዊድኖቹ ሄሬይስ በ8 ነጥብ አንሳ ሁለተኛ ወጣች።

በ1987 ብራሰልስ ላይ ራሱ የደረሰውን «ሆልድ ሚ ናው» ይዞ ተመለሰ። ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ኦርኬስትራውን የሚመራው ኖኤል ኬሌሃን ነው። ዘፈኑ የመለያያ ቀን ዘፈን ነው፤ ሁለቱም መሄድ እንዳለ ያውቃሉ፣ ግን ለአሁኗ ሰዓት እቀፊኝ ይላል። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ይኼ ይበልጣል፤ አዝማቹ እስኪደርስ አይቸኩልማ። 172 ነጥብ አገኘ። አሸንፎ ድጋሚ ሲዘፍን እንባ ተናነቀው፤ «አሁንም እወድሻለሁ አየርላንድ» ብሎ ጮኸ። አሸናፊው አገር አዘጋጅ ስለሚሆን የ1988ቱ ውድድር ደብሊን ገባ። እዚያ ለስዊዘርላንድ ዘፍና ያሸነፈችው ደግሞ ያኔ ብዙ ሰው የማያውቃት ሴሊን ዲዮን ነበረች።

ሦስተኛው ድል በ1992 ስዊድን፣ ማልሞ ላይ መጣ። መድረክ ላይ የቆመችው ያቺው ሊንዳ ማርቲን ናት፤ «ዋይ ሚ»ን የጻፈው ሎጋን። እንግዲህ «ሚስተር ዩሮቪዥን» የሚለው ቅጽል ስም እንደ ማስቲካ ተጣብቆበት ቀረ። በጀርመንና በስካንዲኔቪያ ተወዳጅነቱ አልቀዘቀዘም። በ2007 የአየርላንድ ባህላዊ ዘፈኖችን ሰብስቦ ያወጣው «ዘ አይሪሽ ኮኔክሽን» የተባለ አልበም በተለይ ዴንማርክ ውስጥ በደንብ ተሸጧል።

ስዊድናዊቷ ሎሪን በ2023 ዳግም አሸንፋ በዘፋኝነት ሁለቴ በማሸነፍ ተስተካከለችው። በዓመቱ ውድድሩ ወደ ማልሞ ተመለሰ። በመጀመሪያው የግማሽ ፍጻሜ ምሽት የ69 ዓመቱ ሎጋን መድረክ ላይ ወጣ። የራሱን ዘፈን አልመረጠም። የሎሪንን የጭፈራ ዘፈን «ዩፎሪያ»ን፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ እንደ ልማዱ እያወራ በሚመስል ድምፅ ዘፈነው።