የፑርኪንየ ሕዋስ፦ «ተው» ብቻ የሚለው የነርቭ ሕዋስ

ከማጅራት በላይ፣ ከትልቁ አንጎል ግርጌ፣ 150 ግራም ገደማ የምትመዝን የአንጎል ክፍል አለች። በላቲን ሴሬቤለም ትባላለች፤ ትንሿ አንጎል ማለት ነው። ስሟ ግን ያሳስታል። በ2009 በታተመ ቆጠራ መሠረት (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳት 69 ቢሊዮን ያህሉ የሚገኙት በእርሷ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ግራኑል የሚባሉ ደቃቅ ሕዋሳት ናቸው። በእነዚህ ደቃቆች መካከል ግዙፍ ሆኖ የሚታይ፣ ቁጥሩ ግን 15 ሚሊዮን ገደማ ብቻ የሆነ አንድ ሕዋስ አለ፤ የፑርኪንየ ሕዋስ።

ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ጠባብ ነው፤ የጠጅ ብርሌ ያየ ሰው ቅርጹን ለመገመት አይቸገርም። ከአንገቱ በላይ ቅርንጫፎቹ ይዘረጋሉ። ከፊት ሲያዩት ሰፊ ዋርካ ይመስላል፤ ከጎን ሲያዩት ግን በመጽሐፍ ገጾች መካከል ተጭኖ እንደደረቀ ቅጠል ስስ ነው። ብርሌዎቹ በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ፤ ቅርንጫፎቻቸውም ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተዘርግተው ይቆማሉ።

ስሙን ያገኘው ከቼኩ ሊቅ ከያን ኤቫንጌሊስታ ፑርኪንየ (1787–1869) ነው። ፑርኪንየ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በሚገኘው፣ ያኔ ብሬስላው ይባል በነበረው ከተማ ያስተምር ነበር። በ1837 ፕራግ ላይ በተካሄደ የተፈጥሮ ተመራማሪዎችና የሐኪሞች ጉባኤ፣ በትንሿ አንጎል ውስጥ ያያቸውን እነዚህን ብርሌ መሰል አካላት አስተዋወቀ። ያየው ሆዳቸውንና የቅርንጫፋቸውን መነሻ ብቻ ነበር፤ የቀረው ለዓይን የሚገለጥበት ማቅለሚያ ገና አልተገኘም። በነገራችን ላይ የልብን ምት ለጡንቻው የሚያደርሱት የፑርኪንየ ክሮች የተሰየሙት በዚሁ ሰው ቢሆንም ከዚህ ሕዋስ ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ሁለቱን የሚያቀላቅል ተማሪ ግን በየዓመቱ አይጠፋም።

ሙሉ መልኩ የታየው ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 የብር ማቅለሚያውን ይፋ ካደረገ በኋላ ነው። የዘዴው ጥበብ ጥቂት ሕዋሳትን ብቻ መርጦ ማጥቆሩ ነው። ሁሉም ቢጠቁሩ ኖሮ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለ ጨለማ ይሆን ነበር። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በ1888 ይህንኑ ዘዴ በአእዋፍ ትንሿ አንጎል ላይ ሞክሮ፣ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የተዋሐዱ ድር ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው የቆሙ መሆናቸውን ተከራከረ። ጎልጂ ይህን አልተቀበለም። በ1906 ሁለቱ የኖቤል ሽልማትን ሲካፈሉ፣ ጎልጂ በሽልማቱ ንግግር ላይ እንኳ የካሃልን ሐሳብ ከመንቀፍ አልተመለሰም።

ወደ ሕዋሱ መልእክት የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱም ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አንደኛው ከግራኑል ሕዋሳት የሚነሡት ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ ቅርንጫፎቹን እንደ ስልክ ሽቦ አቋርጠው ሲያልፉ ከአንድ ሕዋስ ጋር ከመቶ ሺህ በላይ መገናኛዎች ይፈጥራሉ። የእያንዳንዱ ድምፅ ሹክሹክታ ነው። ሁለተኛው ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በሕዋሱ ላይ እንደ ሐረግ የሚጠመጠም ክር ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ሕግ መሠረት ለአንድ ሕዋስ አንድ ሐረግ ብቻ ይደርሰዋል፤ የእርሱ ድምፅ ግን ጩኸት ነው። ሹክሹክታው ሕዋሱን በሴኮንድ በአሥር ቤት የሚቆጠሩ ተራ የኤሌክትሪክ ምቶች ሲያስመታው፣ ሐረጉ በአማካይ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ከባድና ውስብስብ ምት ያስነሣል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ሕዋሱ የሚመልሰው ግን አንድ ቃል ነው፦ «ተው»። ጃፓናዊው ማሳኦ ኢቶ በ1960ዎቹ አጋማሽ እንዳሳየው የፑርኪንየ ሕዋስ የሚልከው መልእክት ተቀባዩን አያነሣሣም፤ ያግደዋል። ከትንሿ አንጎል ቅርፊት የሚወጣው ብቸኛ መልእክት ደግሞ የእርሱ ነው። እርሱ ሲመታ በትንሿ አንጎል እምብርት ያሉት ሕዋሳት ዝም ይላሉ፤ እርሱ ፋታ ሲሰጣቸው ይናገራሉ። በእኔ ግምት ስለዚህ ሕዋስ ከሚታወቀው ሁሉ ለማመን የሚያስቸግረው ይህ ነው። ሽንኩርት ስንከትፍ ቢላዋው ጣታችንን የማይነካው፣ በከፊል፣ ትክክለኛውን ዝምታ በትክክለኛው ጊዜ ዝም በሚል ሕዋስ ምክንያት ነው።

ሕዋሱ ይህን ዝምታ የሚማርበትን መንገድ በተመለከተ እንግሊዛዊው ዴቪድ ማር በ1969፣ አሜሪካዊው ጄምስ አልበስ በ1971 ተቀራራቢ ሐሳብ አቀረቡ፦ ሐረጉ አስተማሪ ነው፣ ሹክሹክታዎቹ ትምህርቱ ናቸው። ማር አስተማሪው ሲጮኽ አብረው የተሰሙት መገናኛዎች ይጠነክራሉ ሲል፣ አልበስ ይደክማሉ አለ። ኢቶና ባልደረቦቹ በ1982 መገናኛዎቹ በእርግጥ እንደሚደክሙ በሙከራ አሳዩ።

ነገሩ በጥንቸል ዓይን ላይ በቀላሉ ይታያል። አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ትንሽ አየር ዓይኗ ላይ ይነፋል፤ ትጨፍናለች። ይህ ሲደጋገም አየሩ ከመምጣቱ በፊት፣ ድምፁን ብቻ ሰምታ፣ በሰዓቱ መጨፈን ትጀምራለች። በ1980ዎቹ የሪቻርድ ቶምፕሰን ቡድን በትንሿ አንጎል እምብርት ያለች አንዲት ትንሽ ቦታ ስትጎዳ ጥንቸሏ የተማረችው ጭፈና እንደሚጠፋ፣ አየሩ ሲነፋ የምትጨፍነው ግን እንደማይነካ አሳየ። ይህችን ቦታ አፍኖ የሚይዘው የፑርኪንየ ሕዋስ ነው፤ ትምህርቱ ሲሰምር ከድምፁ በኋላ ምቱን በልኩ ያቋርጣል። በ2014 የስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ነጠላ ሕዋስ የዚህን ፋታ ጊዜ ራሱ መማር እንደሚችል አስታወቁ። ይህ ከሆነ ትውስታው በመገናኛዎች መድከም ብቻ አይገለጽም። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2011፣ መገናኛዎቻቸው እንዳይደክሙ የተደረጉ አይጦች እንቅስቃሴን ደህና አድርገው እንደሚማሩ ታይቶ የኢቶን ሐሳብ አናውጦት ነበር። ክርክሩ አልተዘጋም።

ሕዋሱ ሲሞት የሚሆነው ግን አያከራክርም። አየርላንድ የተወለደው ሐኪም ጎርደን ሆምዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ትንሿን አንጎላቸውን በጥይት የተመቱ ወታደሮችን መረመረ። ሽባ አልሆኑም፤ አካላቸውም አልደነዘዘም። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲወስዱ ግን ይንቀጠቀጣል፣ አልፎ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይፈልጋል። ያልተጎዳው ክንድ ራሱን በራሱ ሲሠራ፣ የተጎዳውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አስበው ማዘዝ ነበረባቸው። በዘር የሚተላለፍ ተመሳሳይ በሽታም አለ። የአንደኛው ዓይነት ስፓይኖሰረቤላር አታክሲያ ዘረ መል በ1993 በሁዳ ዞግቢና በሃሪ ኦር ቡድኖች ተገኘ፤ በዘረ መሉ ውስጥ አንድ አጭር የፊደላት ቅደም ተከተል ከልክ በላይ ሲደጋገም የሚፈጠረው ፕሮቲን በተለይ የፑርኪንየን ሕዋስ ይጎዳል። ለረጅም ዓመታት አብዝቶ መጠጣትም የትንሿን አንጎል መካከለኛ ክፍል የፊትና የላይ ገጽ ይበላል። ለዚህ ነው የከረመ ጠጪ እጁ ደህና ሆኖ፣ ሳይጠጣ በዋለበት ቀን እንኳ እግሩን አራርቆ የሚራመደው። ብርሌውን ብርሌ ያጠፋዋል።

ስለ ሕዋሱ ከሚታወቀው ብዙው የተጠናው በአይጦች ላይ ነው። «ላርቸር» የሚባል የአይጥ ዝርያ የፑርኪንየ ሕዋሳቱን ሁሉ አጥቶ እየተንገዳገደ ይኖራል። በ2023 ግን ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ለጥንቃቄ የሚጋብዝ ነገር አመጣ፦ በሰው የሚገኙት እነዚህ ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአንድ በላይ ግንድ (ቅርንጫፎቹ የሚነሡበት ዋና ክፍል) አላቸው፤ የአይጥ ግን ግማሽ ያህሎቹ ብቻ ናቸው። ብዙ ግንድ ካላቸው የአይጥ ሕዋሳት በአንዳንዶቹ ላይም ከአንድ በላይ ሐረግ ተጠምጥሞ ተገኝቷል። በሰው በኩል ግን ተመራማሪዎቹ ያዩት የሞቱ ሰዎችን አንጎል ነው፤ ግንዶቹን ቆጠሩ፣ ሐረጎቹ እንዴት እንደሚሠሩ የለኩት በአይጥ ላይ ነው።