ኤክስተርናል ኤዲተር ምንድን ነው?

የአንድሮይድ አፕ በምንሠራበት ፕሮግራም (አይዲኢ)፣ በአንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ እየሠራን አንዱን ፋይል ብቻ በሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ፣ ስንከፍተው ያ ሌላው ፕሮግራም ኤክስተርናል ኤዲተር ይባላል። ፋይሉ ኮፒ ተደርጎ የሚሄድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይሄድም። ጎንደር ላይ ባጃጅ ይዘን «ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው በር» ስንል ለሹፌሩ የሰጠነው አቅጣጫ ነው። አይዲኢውም ለኤዲተሩ የሚነግረው የፋይሉን አድራሻ፣ ማለትም ፓዙን ነው። ኤዲተሩ ራሱ ሄዶ ያንኑ ፋይል ከዲስክ ላይ ይከፍታል።

«ሁሉ ያለው አይዲኢ እያለ ለምን?» ያሰኛል። ለኮድ እኔም አልወጣም። ችግሬ አማርኛው ነው። ለኮድ የተሠሩ ፎንቶች አብዛኞቹ ፊደላችን ስለሌላቸው አይዲኢው ከሌላ ፎንት እየተዋሰ ነው የሚያሳየኝ፤ በትንሹ ሲሆን ቡ እና ቢ አይለዩም። አንድ ጊዜ ለጎብኚዎች በሠራሁት አፕ ላይ «ፋሲል ግቢ» የሚለው «ፋሲል ግቡ» ሆኖ ሳምንት ሙሉ አለፈኝ፤ ንጉሡን ራሱን ይግቡ እንደማለት! ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ በኒያላ ፎንት አጉልቼ ስከፍተው ነው ዓይኔ የያዘው።

አሠራሩ አጭር ነው። ሴቲንግስ፣ ቱልስ፣ ከዚያ ኤክስተርናል ቱልስ፤ እዚያ የመደመር ምልክቷን ተጭኖ የኤዲተሩን ፕሮግራም መምረጥ። አርጊዩመንት የሚለው ሳጥን ውስጥ፣ ከማክሮዎቹ (አይዲኢው ራሱ በትክክለኛው መረጃ ከሚተካቸው ቃላት) ዝርዝር የፋይሉን ፓዝ የሚሰጠውን እናስገባለን። የመስመር ቁጥርም አብሮ ይላካል፤ አነጋገሩ ግን እንደየኤዲተሩ ነው። ቪም +42 ከተባለ 42ኛው መስመር ላይ ይከፍታል፤ ሰብላይም ቴክስት ከፋይሉ ስም ቀጥሎ ኮለንና ቁጥሩን ይፈልጋል።

መዘዙ አንድ ፋይል ሁለት ቦታ መከፈቱ ላይ ነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች ፋይሉን በየራሳቸው ሜሞሪ ይዘውታል። ኤዲተሩ ላይ አርመን፣ ሴቭ ሳናደርግ አፑን ራን ብናደርገው «ግቡ» እንዳለ ነው። ሴቭ ካደረግን፣ ወደ አይዲኢው ስንመለስ አዲሱን ከዲስክ ያነባል። በሁለቱም በኩል ነካክተነው ከሆነ ግን የዲስኩን ላምጣ ወይስ በሜሞሪ ያለውን ላቆይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ እዚህ ጋ ልዩነቱን አሳየኝ የሚለውን ነው የምጫነው፤ አንዴ ቸኩዬ ግማሽ ቀን ያረምኩትን አማርኛ በአሮጌው አስበልቼዋለሁ።