የኤፕወርዝ አሮጌው ሬክተሪ፦ እሳት ያሠራው ቤት

በእንግሊዝ ገጠር ስትዘዋወሩ በሩ ላይ «አሮጌው ሬክተሪ» ተብሎ የተጻፈበት ቤት አይጠፋም። ሬክተር የአንድ አጥቢያ ዋና ካህን ነው፤ ሬክተሪ ደግሞ መኖሪያው። ሬክተሩ በየወሩ ደመወዝ የሚቆርጥለት መሥሪያ ቤት አልነበረውም። የሚኖረው ገበሬው በሚያገባለት አሥራትና ከቤተ ክርስቲያኑ እርሻ በሚያገኘው ነበር። ቤቱ ከሹመቱ ጋር ይሰጠው ነበር፤ ማሳደሱ ግን የራሱ ዕዳ ነበር። ይህን ልብ ይበሉ፤ የኤፕወርዝ ቤት ታሪክ ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

ኤፕወርዝ በሊንከንሻየር፣ የአክስሆልም ደሴት በሚባለው አካባቢ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። «ደሴት» የተባለው በባሕር ተከቦ አይደለም። ዙሪያው ረግረግ ስለነበረ ነው። በ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮርኔሊየስ ቨርማይደን የተባለ ደች መሐንዲስ ውሃውን አጠንፍፎ መሬቱን ለእርሻ አወጣው። ዓሣ የሚያጠምደውና ከብት የሚያግደው ነዋሪ ግን መተዳደሪያውን ስለቀማው ለብዙ ዓመታት አመጸ። ሳሙኤል ዌስሊ በ1690ዎቹ ሬክተር ሆኖ የመጣው ወደዚህ ዓይነት ሰፈር ነው። ሰውየው ራሱም ለፖለቲካ ክርክር ወደኋላ የማይል፣ ዕዳም የማያጣው ነበር። በ1705 በ30 ፓውንድ ገደማ ዕዳ ሊንከን ካስል በሚባለው ግንብ ውስጥ ታስሯል።

የድሮው ቤት ምን ይመስል እንደነበር በ1607 የተጻፈ መዝገብ ይነግረናል። በእንጨትና በምርጊት የተሠራ፣ ሳር ክዳን፣ ሦስት ወለል ያለው ቤት ነው። ማድ ቤት፣ አዳራሽ፣ እንግዳ መቀበያና የመጠጥ ጓዳ አለው፤ ከላይ ደግሞ ሦስት ሰፋፊ ክፍሎች። ለምድጃ ፍንጣሪ ከዚህ የተመቸ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። በ1702 አብዛኛው ክፍል ተቃጠለ፤ ተጠገነ። በየካቲት 1709 አንድ ሌሊት ግን ጨርሶ ነደደ።

የዚያን ሌሊት የሳሙኤል ልጆች ሞግዚት ሕፃኑን ታቅፋ፣ ሌሎቹን ተከተሉኝ ብላ ወጣች። የአምስት ዓመቱ ጆን ግን አልነቃም ነበር። አባትየው ሊያወጣው ቢሞክር ደረጃው ተያይዟል፤ ክብደቱን አልቻለለትም። ልጁ መስኮቱ ሥር ካለ ሣጥን ላይ ወጥቶ ቆመ። መሰላል ይምጣ ቢባል ጊዜ የለም። አንዱ ሰው ከሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ ልጁን ጎትቶ አወጣው። ወዲያው ጣሪያው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ያ ልጅ ኋላ ሜቶዲስት የተባለውን የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ የመሠረተው ጆን ዌስሊ ነው።

ሳሙኤል አዲሱን ቤት ሲያሠራ ምን እንደፈራ ከግድግዳው ይነበባል። እንጨትና ምርጊቱ ቀርቶ ቀይ ጡብ ሆነ። ሳሩ ቀርቶ የሸክላ ክዳን መጣ። ቅርጹ ያን ጊዜ ትገዛ በነበረችው በንግሥት አን ስም የሚጠራው ዓይነት ነው፦ ጌጥ የማያበዛ፣ ረዘም ያለ ፊት፣ በሥርዓት የተደረደሩ መስኮቶች። መስኮቶቹም ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ናቸው። ሁለት ፎቅና ጣሪያ ሥር ያሉ ክፍሎች አሉት። ለገጠር ካህን አለቅጥ ትልቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። 400 ፓውንድ ፈጀ፤ የደብሩ ገቢ በዓመት 200 ፓውንድ ገደማ ሲሆን ማለት ነው። ቤቱ እስኪያልቅ ልጆቹ በየሰው ቤት ተበታትነው ቆዩ። እናታቸው ሱዛና ኋላ ስትጽፍ፣ ከዚያ የባላገር አነጋገርና የብልግና ዘፈን ተምረው መጡ ብላ አማርራለች።

ቤቱን በደንብ የተጠቀመችበት እሷ ናት። ልጆቹን በየቀኑ ለስድስት ሰዓት ያህል እዚያው ታስተምራለች። ማታ ማታ ደግሞ ተራ አውጥታ ለየብቻ ታነጋግራቸዋለች፤ የጆን ቀን ሐሙስ ነበር። በ1712 መጀመሪያ ላይ ባሏ ለንደን በነበረ ጊዜ ለቤተሰቡ እሑድ ማታ የጀመረችውን ጸሎት ጎረቤት ሰማ። አንድ ሁለት እያለ ከ200 በላይ ሰው መጣ፤ ቦታ አጥቶ የተመለሰም ብዙ ነው። የባሏ ምክትል ካህን ይህን ሲያይ ለንደን ድረስ ክስ ጻፈ። ሴት ወንበር ላይ ወጥታ ባታስተምርም፣ ማድ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ በልጦ ሞልቶ ነበር።

ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ሌላ ወሬ አለው። ከታኅሣሥ 1716 ጀምሮ ለሁለት ወር ያህል ቤቱ ውስጥ ማንኳኳት፣ ማቃሰትና የጠርሙስ መሰባበር ድምፅ ይሰማ ነበር አሉ። ልጆቹ ከፍርሃት ይልቅ ለመዱትና «አሮጌው ጄፍሪ» ብለው ስም አወጡለት። ክፍሉ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል።

ቤቱ የአንግሊካን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) ካህናት መኖሪያ ሆኖ እስከ 1954 ቆየ። በዚያ ዓመት የዓለም ሜቶዲስት ምክር ቤት ገዛው፤ በ1957 ሙዚየም ሆነ። በእንግሊዝ የቅርስ ምዝገባም የመጀመሪያውን ደረጃ ይዟል። ዛሬ ክፍሎቹ በዘመኑ አልጋ፣ ወንበርና ምድጃ ዕቃ ተሞልተዋል። ሱዛና እንዲህ ሞልተው አላየቻቸውም። ከእሳቱ 13 ዓመት በኋላ፣ በ1722፣ ለወንድሟ ስትጽፍ ቤቱ ገና በግማሽ እንኳ ዕቃ አልገባበትም ነበር።