የወባ ተሕዋሲ «ኤክስፖርት» ምንድን ነው? ወደ ደም መርጨት አይደለም

«የወባ ተሕዋሲ ፕሮቲን ኤክስፖርት ያደርጋል፤ ማለትም ወደ ደም ይረጫል» የሚል ማብራሪያ ሰሞኑን በዛ። ከ«ማለትም» በፊት ያለው ልክ ነው። ከኋላው ያለው አይደለም።

ሽፋኖቹን እንቁጠር። ተሕዋሲው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚኖረው በከረጢት ተጠቅልሎ ነው። ስለዚህ ከውስጥ ወደ ውጭ ሦስት ሽፋን አለ፦ የራሱ፣ የከረጢቱና የደም ሕዋሱ። የመጀመሪያውን ብቻ ማለፍ ማመንጨት ነው። ኤክስፖርት የሚባለው የከረጢቱን ተሻግሮ የደም ሕዋሱ ውስጥ መግባት ነው። ሦስተኛውን አልፎ ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ መንሳፈፍ ቃሉ ውስጥ የለም።

ለጅማ ሰው በቡና ማስረዳት ይቀላል። ጀንፈል ከጓሮ ወጥቶ መጋዘን ስለገባ ውጭ አገር ተላከ አይባልም፤ ገና ይፈለፈላል። ብዙዎቹ ተላኪ ፕሮቲኖችም ፔክሰል የሚባል የአምስት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ምልክት አላቸው፤ አንደኛው አርጂኒን፣ ሦስተኛው ሉሲን ነው። ፕላዝሜፕሲን 5 የተባለው ኢንዛይም ገና ተሕዋሲው ውስጥ ሳሉ ከሉሲኑ ቀጥሎ ይቆርጣቸዋል። ምልክቱ በ2004 ከታወቀ ወዲህ «ፓስፖርት» ማለት ተለምዷል። ቤት ተቀድዶ የቀረ ፓስፖርት ኬላ ላይ ምን ይሠራል?

ኬላው በ2009 የታወቀው ፒቴክስ፣ ማለትም የከረጢቱ ሽፋን ላይ ያለ የፕሮቲኖች ማሽን ነው። ከክፍሎቹ አንዱ፣ ኤችኤስፒ101፣ ታጥፎ የተጠቀለለውን ፕሮቲን እየተረተረ ይገፋዋል፤ ሌላው ክፍል፣ ኢኤክስፒ2፣ በሠራው ቀጭን ቀዳዳ ክር ሆኖ ያልፋል። ፕሮቲኑ እንዳይተረተር በኬሚካል ሲቆለፍ ከረጢቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። «ፕሮቲኑ ሽፋኑን በራሱ ሰርጎ ይወጣል» ማለትም እንግዲህ አያስኬድም።

የቡናው ምሳሌ እዚህ ላይ ያነክሳል፤ ተቀባዩ አገር መንገድ የለውም። የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክሊየስም፣ ፕሮቲን የሚያመላልስበት መዋቅርም የለውም። ላኪው ራሱ በሰው አገር መንገድና መጋዘን ይሠራል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋሲ ዝርያ የሚሠራው የማውረር ስንጥቆች ይባላል። ፒኤፍኢኤምፒ1 የተባለው የማጣበቂያ ፕሮቲን በዚያ በኩል ወጥቶ፣ ካርፕ የተባለው ፕሮቲን ባበጃቸው የደም ሕዋሱ ገጽ እባጮች ላይ ይተከላል። (ፒኤፍኢኤምፒ1 ደግሞ የተለመደው ፔክሰል የለውም፤ ደንቡ ሁሉን አይገዛም።) ተሕዋሲው ደም ሕዋስ ውስጥ በሚያድግበት የ48 ሰዓት ዑደት ሁለተኛ አጋማሽ፣ ሕዋሱ በዚህ ፕሮቲን የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከጣት በተወሰደ ደም፣ ስላይድ ላይ በአብዛኛው ቀለበቱ (የተሕዋሲው ለጋ መልክ) ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው።

ጅማ ዙሪያ ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዝርያም ስላለ አንድ ነገር ልጨምር። ቫይቫክስ እንዲህ ያለ እባጭ የለውም፤ ያለው የሹፍነር ነጠብጣብ፣ ማለትም በተያዘው ደም ሕዋስ ላይ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። እሱም ቢሆን ስላይዱ የሚቀለምበት የጊምሳ ቀለም ማቅጠኛ ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 7.2 ካልሆነ በደንብ አይታይም። በ6.8 ቀልሞ «ነጠብጣብ የለም» ብሎ መጻፍ የተሕዋሲው ሳይሆን የውኃው ጥፋት ነው።

«ታዲያ ፈጣን የወባ መመርመሪያው ኤችአርፒ2 የተባለውን ተላኪ ፕሮቲን ከደም እንዴት ያገኘዋል?» ይላሉ «ወደ ደም ይረጫል» ባዮቹ። መመርመሪያው ላይ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ሕዋሶቹን ስለሚያፈነዳቸው ነዋ! ኤክስፖርት የማይደረገው የተሕዋሲው ኢንዛይም ፒኤልዲኤችም በዚያው ጠብታ ይገኛል። ኤችአርፒ2 ፕላዝማ ውስጥ መገኘቱ እውነት ነው፤ በብዛት የሚፈስሰው ግን ሕዋሱ ሲፈነዳ ነው። ተሕዋሲው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ጨርሶ የመጣን ሰው በመመርመሪያው ላይ በታየች መስመር ብቻ «አልዳነም» ማለት አይቻልም፤ ስላይዱ ይታይ።