ሰብመርሲብል ፓምፕ፦ የድሬዳዋና የሐረር ውሃ ከጉድጓድ እስከ ቧንቧ

ድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ደቻቱ ዝናብ ሲጥል ያስፈራል፤ በቀረው ጊዜ አሸዋ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ሳቢያንን ከመሳሰሉ ሰፈሮች ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ሐረር ደግሞ ለዓመታት ከሐረማያ ሐይቅ ጠጥታለች። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲደርቅ ድሬዳዋ አጠገብ ወዳሉት የሐሰሊሶ ጉድጓዶች ዞረች። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ። ውሃው የደንገጎን ዳገት በፓምፕ ኃይል ይወጣል ማለት ነው።

ውሃውን ከጉድጓዱ የሚያወጣው ሰብመርሲብል፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ፓምፕ ነው። ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሞተሩ ከታች፣ በላዩ የተደራረቡ ኢምፔለሮች (ውሃውን እየተሽከረከሩ የሚገፉ ጎማዎች)። ይህን መሣሪያ ለነዳጅ ጉድጓድ ያበቃው በሩሲያ ንጉሣዊ ግዛት ዘመን ትብሊሲ የተወለደው አርመናዊ አርማይስ አሩቱኖፍ ሲሆን፣ ሬዳ የተባለው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ውስጥ ተቋቋመ። ባሕር ላይ ባለ የነዳጅ ጉድጓድ አንዱን የተቃጠለ ፓምፕ ለመቀየር ውድ መርከብ ወይም ሪግ (የቁፋሮ ማማ) ይጠራል። ድሬ ላይ ክሬን ይበቃል፤ ግን ክሬኑ እስኪመጣ ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል።

ፓምፑን በብዛት የሚገድለው መብራት ነው ብል አላጋነንኩም። ሞተሩን ከሚያንቀሳቅሱት ሦስት ፌዞች (የኤሌክትሪክ መስመሮች) አንዱ ሲጠፋ ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ ለመሥራት ይታገልና ይቃጠላል። ፌዝ ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋው ፌዝ ሪሌይ የተባለ መሣሪያ ይህን ያስቆማል። ዋጋው ከሞተሩ ጋር ሲተያይ ምንም ነው፤ ያም ሆኖ አላስፈላጊ እያጠፋ አስቸገረ ተብሎ የሚነቀልበት ጊዜ አለ! መብራት እንደመጣ ወዲያው ማስነሳትም ጉዳት አለው። የማይመልስ ቫልቩ ካረጀ በቧንቧው ያለው ውሃ ወደ ታች ሲወርድ ፓምፑን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። በዚያ ቅጽበት ከተነሳ ዘንጉ ሊሰበር ይችላል። ለዚህ የሚያዘገይ ታይመር ይገጠማል።

ሁለተኛው ጠላት ካልሲየም ነው። የድሬን ማንቆርቆሪያ ያየ ሰው ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በጎኑ የሚያልፈው ውሃ ስለሆነ፣ ቅርፊቱ ሲለብሰው ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ጉድጓዱ ሰፊ ከሆነ ውሃው ሞተሩን ሳይነካ ወደ ፓምፑ ስለሚገባ፣ ሞተሩ ላይ የማቀዝቀዣ ቱቦ ይደረጋል።

የውሃው መጠን ሲወርድ ፓምፑ በባዶ እንዳይሠራ የሚያጠፋ ሴንሰርም አለ። አሸዋ ኢምፔለሩን ይበላል፤ እሱ ግን ይበልጡን የቆፋሪው ጉዳይ ነው።

ጥሩ ኦፕሬተር አምፔሩን በየቀኑ ይመዘግባል። አምፔሩ ቀስ በቀስ ከጨመረ ወይም ኬብሉ ሜገር በተባለው መለኪያ ሲለካ ኢንሱሌሽኑ (ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ የሚከላከልበት አቅም) ከወረደ፣ ፓምፑ ሳይቃጠል በቀጠሮ ይወጣል።