በጽንስ ውስጥ የኩላሊት አፈጣጠርና የሕዋሳት መልእክት

ቋሚው የሰው ኩላሊት መፈጠር የሚጀምረው በጽንሱ አምስተኛ ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜያዊ ኩላሊቶች ተራ በተራ ብቅ ብለው በአብዛኛው ይከስማሉ። ቋሚው ከሁለት ወገን ይመጣል፦ አንዱ የቮልፍ ቱቦ የተባለው የጽንሱ ቱቦ፣ ሌላው አጠገቡ ያለው፣ ሜዘንካይም የተባለው ገና ቅርጽ ያልያዘ የሕዋሳት ስብስብ ነው። መልእክት ካልተለዋወጡ ሁለቱም ኩላሊት አይሆኑም።

ቀድሞ የሚልከው ሜዘንካይሙ ነው። የሚያመነጨውን ጂዲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን በቱቦው ሕዋሳት ላይ ያለው ሬት የተባለ ተቀባይ ሲቀበል፣ ቱቦው እንቡጥ ያወጣል። እንቡጡ ዘልቆ ገብቶ በጫፉ ዊንት-11 የተባለ የመልእክት ፕሮቲን ይለቃል፤ ይህ ደግሞ የጂዲኤንኤፍን ምርት ስለሚያሳድግ ጫፉ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እየተከፈለ የሽንት ሰብሳቢ ቱቦዎችን ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጂዲኤንኤፍ የሌላቸው አይጦች ያለ ኩላሊት መወለዳቸው የዚህን መልእክት ክብደት በግልጽ አሳይቷል።

መልእክቱ ሲበዛም ጉዳት አለው። ስሊት-2 እና ሮቦ-2 የተባሉ ፕሮቲኖች ጂዲኤንኤፍ የሚመነጭበትን ስፍራ ያጠባሉ፤ ቢኤምፒ-4 የተባለው ፕሮቲን ደግሞ እንቡጡ ያለቦታው እንዳይወጣ ይከለክላል። እንቡጡ ሁለት ከሆነ ኩላሊቱ ድርብ የሽንት ቱቦ ይኖረዋል፤ ቦታ ከሳተ ደግሞ ሽንት ከፊኛ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሕፃኑን ለተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

እንቡጡ በበኩሉ ዊንት-9ቢ የተባለ ፕሮቲን በመላክ የሜዘንካይሙን ሕዋሳት ኔፍሮን፣ ማለትም ደም የሚያጣራ ጥቃቅን የኩላሊት ክፍል፣ እንዲሆኑ ይቀሰቅሳል። በዊንት-4 አማካይነት ሕዋሳቱ ተሰባስበው መጀመሪያ ከረጢት፣ ቀጥሎም የ«ኤስ» ቅርጽ ይሠራሉ። ሲክስ-2 የተባለው ፕሮቲን ግን የተወሰኑትን ሕዋሳት ለቀጣዩ ዙር በመጠባበቂያነት ያቆያል። መጠባበቂያው ቶሎ ካለቀ የኔፍሮኑ ቁጥር ያንሳል፤ ሥራው በ36ኛው ሳምንት ገደማ ካበቃ በኋላ አዲስ ኔፍሮን አይፈጠርም። አንድ ኩላሊት በአማካይ 1 ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን ይይዛል፤ ከሰው ሰው ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ኩላሊት ክትትል የሚያሻውም ለዚህ ነው።

ከፒያሳ እስከ ጥቁር አንበሳ ባሉ ክሊኒኮች አልትራሳውንድ የምትነሳ ነፍሰ ጡር የእንሽርት ውሃዋ ይለካል። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ የውሃው ዋና ምንጭ የጽንሱ ሽንት ነው፤ ውሃው በብዛት የተጠራቀመበት ጥልቁ ኪስ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሐኪሙ ኩላሊቶቹንና ፊኛውን አተኩሮ ያያል። ሁለቱም ኩላሊቶች ከሌሉ ውሃው ስለሚጠፋ ሳንባውም ሳያድግ ይቀራል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ስታስብ ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ መድኃኒቱ የጽንሱ ኩላሊት የሚያስፈልገውን አንጂዮቴንሲን የተባለ ሆርሞን መልእክት ይዘጋል፤ በምትኩ ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን ሊታዘዝላት ይችላል።